ቺፕ ማስገባት፦ የጌም ማሽን ብየዳ በወሎ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልዲያ ጥገና ቤት «ይሄ ቺፕ ገብቶለታል?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ፣ ማሽኑ ኮፒ ዲስክ ያነብ እንደሆነ መጠየቁ ነው። ቺፕ ማስገባት ማለት በቪዲዮ ጌም ማሽን ቦርድ ላይ ፋብሪካው ያላስቀመጠውን ትንሽ ቺፕ በቀጫጭን ሽቦ በይዶ፣ የተቀዳ ወይም ለሌላ አህጉር የተሠራ ዲስክ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ሥራው ይበልጥ የሚታወቀው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ፕሌይስቴሽን 1 እና በ2000 በተከተለው ፕሌይስቴሽን 2 ነው።

ፕሌይስቴሽን 1 ኮፒውን ከኦርጅናሉ የሚለይበት ዘዴ ድንቅ ነው። በኦርጅናሉ ዲስክ መነሻ ላይ የንባብ መስመሩ ሆን ተብሎ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው አራት ፊደላት ይዟል። ለጃፓን ኤስሲኢአይ (SCEI)፣ ለአሜሪካ ኤስሲኢኤ (SCEA)፣ ለአውሮፓ ኤስሲኢኢ (SCEE)። የባዶ ዲስክ መስመር ግን በፋብሪካ ተቀርጾ ያለቀ ስለሆነ ኮምፒውተር ጌሙን አንድ ሳያስቀር ቢቀዳ እንኳ ውዝዋዜውን ሊቀዳ አይችልም። ፊደላቱን ያጣ ማሽን ጌሙን አያስነሳም። ቺፑ፣ ብዙ ጊዜ ፒክ የምትባለው ባለ 8 እግር፣ ዲስኩ ያልተናገረውን ቃል በሰከንድ 250 ቢት እየላከች ትናገርለታለች። ኋላ ጌም ሠሪዎች ነቁ፤ ፊደላቱ ሊሰሙ በማይገባበት ሰዓት የሚያዳምጡ ጌሞችን አወጡ። ስለዚህ ቀጣዮቹ ቺፖች ጌሙ ሲነሳ ዝም እንዲሉ ተደረጉ።

ለመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች አራት ሽቦ ሊበቃ ይችላል፤ ለፕሌይስቴሽን 2 ግን ከሃያ በላይ የሚፈልጉ ቺፖች አሉ። የሚበየድበት ነጥብ እንደ ቦርዱ ዓይነት ይለያያልና አዋቂ ባለሙያ ክዳኑን ፈትቶ መጀመሪያ የሚያነበው የቦርዱን ቁጥር ነው፤ ፒዩ-8ን እንደ ፒዩ-18 የበየደ ማሽኑን ሊገድለው ይችላል። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለው የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ የመበየጃው ጫፍ ግን 350 አካባቢ ይያዛል፤ ነክቶ በሁለት ሦስት ሰከንድ መነሳት አለበት። ከቆየ የመዳቡ ነጥብ ከቦርዱ ይላቀቃል፤ ያንን መመለስ ቺፕ ከማስገባት ይከብዳል። የሚታየው ጭስ የፍላክሱ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ሙጫ) ነው፤ እሱም ሳንባ ይጎዳልና መስኮት ይከፈት። እርሳሱ ጣት ላይ ይቀራል። እኛ በእጃችን ነው የምንበላው፤ ከብየዳ በኋላ በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ መንካት አይገባም።

ወሎ ውስጥ ሥራው የራሱ ጣጣ አለው። ከሳዑዲና ከሌሎች የዓረብ አገሮች የሚመለስ ወገን ማሽን ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ዘመዱ ከአሜሪካ ይልክለታል። የአሜሪካው ለ120 ቮልት ከተሠራ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ሲሰካ ኃይል ክፍሉ ይቃጠላል። ቺፕ ገብቶለት የአሜሪካ ጌም ሲከፈት ምስሉ በአሮጌ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ የቀለም ሥርዓቱ ልዩነት እንጂ የብየዳው ስህተት አይደለም። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ማሽን ዲስክ አላነብ ሲልም ብዙ ጊዜ የደከመው ሌንሱ ነው። ሌንሱን ሳያይ «ቺፑ ተቃጥሏል» ብሎ ሌላ የሚያስከፍል ሰው ሙያውን አሰድቧል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ጌም ቀድቶ መሸጥ ከብየዳው የተለየ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ፍሪ ማክቡት የተባለ ሶፍትዌር ከሜሞሪ ካርድ እየተነሳ ለብዙ ፕሌይስቴሽን 2ዎች ብየዳውን አስቀረ። የመጨረሻዎቹ የ90000 ተከታታይ ማሽኖች አንዳንዶቹ ግን አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ባለሙያው ማሽኑን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ሳያይ መበየጃውን አይሰካም።