ጀሪካን ምንድን ነው? ለድሬዳዋ ሙቀት፣ ለጉዞና ለክፉ ቀን የሚሆነውን መምረጥና መያዝ

ድሬዳዋ ውስጥ ጀሪካን የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፣ በጋሪ ይጫናል፣ ክዳኑ ሲጠፋ በፌስታል ይታሰራል፣ ሲሰነጠቅ አንገቱ ተቆርጦ ባልዲ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ መዋሉ መልካም ነው። ቧንቧ ለቀናት ሲቋረጥ ወይም ቤተሰብ ይዞ ወደ ባቢሌ ሲወጣ የሚጠጣበት ጀሪካን ግን ከዚህ ተራ መለየት አለበት።

ጀሪካን የሚባለው ውሃ የሚይዝ ፕላስቲክ ሁሉ አይደለም። አፉ ጠባብ፣ ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ፣ እጀታው ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ዕቃ ነው። አፉ ጠባብ የሆነው እጅና ጣሳ እንዳይገባበት ነው። በርሜልና ባልዲ ውስጥ ውሃን በብዛት የሚያበላሸው እየተመላለሰ የሚጠልቀው ጣሳ ነውና፣ ከምንጩ ንጹህ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ቤት ገብቶ ይበከላል። ሮቶ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ነገር ግን ተሸክመውት አይሄዱም። እንስራ ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን መንገድ አይችልም። የጀሪካን ቦታ በሁለቱ መካከል ነው።

ስሙ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ጦር ለነዳጅ ማመላለሻ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ አሠራ። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ስለነበር፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የማረኩትን ዕቃ «ጄሪ ካን» አሉት፤ የራሳቸው የቆርቆሮ ጣሳ ያፈስ ስለነበር በጣም ወደዱት። ሦስት እጀታ ነበረው፦ ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲይዘው፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት እንዲያነሳ። ውሃ የሚይዘው ላይ ነጭ መስቀል ይቀባ ነበር፣ ከነዳጁ ጋር እንዳይቀያየር። ለእኛም ቤት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ የቀለም ምልክት ነው። የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉና ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አይስጡት፤ ለአንድ ቀን ናፍጣ እንኳ ቢሆን።

ሲገዙ መጀመሪያ ገልብጠው ሥሩን ይዩ። በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 2 ቁጥር ካለ ኤችዲፒኢ የተባለው ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ነው፣ ለዚህ ሥራ ምርጡ እሱ ነው። የሹካና የብርጭቆ ምልክት ካለበት ለምግብ ተብሎ የተሠራ ነው። 1 ቁጥር «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ነው። ለአንድ ጉዞ ይበቃል፣ በየጊዜው እየተሞላ ለመጫን ግን አይሆንም፤ ስስ ነው፣ ፍል ውሃም ያጣምመዋል። በእርዳታ ጊዜ የሚታደለው ተጣጣፊ ጀሪካን ደግሞ ቦታ ስለማይወስድ ቦርሳ ውስጥ ለመያዝ ደህና ነው። ነገር ግን በተጣጠፈበት መስመርና በአንገቱ ሥር ቶሎ ይበሳል፣ ስለዚህ ዋና መጠባበቂያ አይሁን።

ቀጥሎ ሆዱን በሁለት አውራ ጣት ጫን ያድርጉት። ጥሩው ትንሽ ገባ ብሎ ወዲያው ይመለሳል፤ ስሱ ተጨማዶ ይቀራል። ከላይ እስከ ታች የሚወርደውን የመጋጠሚያ መስመርና የእጀታውን ሥር በብርሃን ፊት ያዙሩት። ከሌላው ገላው ይልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ፕላስቲኩ እዚያ ሳስቷል፣ ሲወድቅም የሚቀደደው በዚያ ነው። ጣትዎን ሲያሹበት ነጭ ዱቄት ከያዘ ፀሐይ በልቶታል ማለት ነው፤ ሙሉ ሆኖ ከባጃጅ ላይ ቢወድቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን ቀድሞ ምን ነበረበት የሚለው ነው። ቀፊራም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ያገለገለ ጀሪካን ሲገዙ ይህን ሳይጠይቁ አይክፈሉ። ፖሊኤቲሊን ቤንዚንንና ናፍጣን ወደ ገላው ይመጥጣል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ለጫትና ለአትክልት ማሳ የሚረጭ መድኃኒት የነበረበት ከሆነ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ መድኃኒት ሽታ የለውም። የዘይት ጀሪካን ታጥቦ ይነጻል። ምንጩ የማይታወቅ ግን ርካሽነቱ አያታልልዎ፣ ለመጸዳጃ ቤት ውሃ ይሁን። ለማጣራት ታጥቦ ለብ ያለ ውሃ ይሞላበትና ተዘግቶ አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት ሲከፈት የሚሸት ከሆነ ይመልሱት። ባይሸት ግን ለመድኃኒቱ ዋስትና አይሆንም።

የዘይት ጀሪካን እንዲህ ይታጠባል። አፉን ወደ ታች አድርጎ አንድ ቀን ያንጠፈጥፉት። ሁለት ሊትር ያህል ሞቅ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም፤ ጀሪካኑን ያለሰልሰዋል)፣ ሁለት ማንኪያ የዕቃ ሳሙናና አንድ ጭብጥ ጥሬ ሩዝ ጨምረው ክዳኑን ዘግተው በሁሉም ጎን በደንብ ይናጡት። ብዙ ሰው በሩዝ ፈንታ ጠጠርና አሸዋ ይጨምራል። ዘይቱን ያወጣል፣ ነገር ግን የውስጡን ግድግዳ ይጭራል፤ ጭረቱ ውስጥ የተሸሸገ ቆሻሻ ደግሞ ኋላ በረኪናም አይደርስበትም። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። በመጨረሻ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና ቀላቅለው፣ ውስጡን ሁሉ እንዲነካ ለግማሽ ደቂቃ ነቅንቀው ያፍሱትና በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት።

ክዳኑ ለብቻው ይፈተሻል። ውስጡ ያለው ክብ ጎማ ከደረቀ ወይም ከጠፋ ክዳኑ ምንም ቢጠብቅ ያፈሳል። ውሃ ሞልተው፣ ዘግተው፣ ደረቅ ካርቶን ላይ በጎኑ አስተኝተው ያሳድሩት፤ ጠዋት ካርቶኑ ከረጠበ ጎማውን ይቀይሩ። የፌስታል ቁራጭ ለአንድ ቀን ያግዛል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ግን መክደኛ አይደለም፣ ራሱ ይበሰብሳል፣ ውሃውንም ያሸታል። የድሬ ውሃ ኖራማ ቅርፊት ስለሚተው ደግሞ የክዳኑ ጥርስ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል፣ ክዳኑም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ይህን አቼቶ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል። አቼቶና በረኪና ግን በምንም መንገድ አይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስንት ሊትር ያስፈልጋል? ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 ሊትር አይነስ፤ በቆላው ሙቀት 4 ብሎ ማስላት ይሻላል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ነው። መታጠቢያውና ማጠቢያው ሲጨመር በአደጋ ጊዜ የእርዳታ ሠራተኞች የሚያስቡት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ነው። ይህን ሁሉ በመጠጥ ጀሪካን መያዝ አያስፈልግም፣ የተከደነ በርሜል ይበቃዋል። ለጉዞ ከአንድ ባለ 20 ይልቅ ሁለት ባለ 10 ይመረጣል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 20 ኪሎ በአንድ እጅ ወገብን ያዛባል፣ አንዱ ቢበሳም ሌላው ይተርፋል።

ድሬዳዋ ላይ ስለ ጀሪካን ሲጻፍ ትንኝ ሊዘለል አይችልም። በ2006 ዓ.ም. ደንጌ፣ በ2011 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን አጥለቅልቀው ነበር። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት። ወንዝና ረግረግ አትፈልግም፤ ክዳኑ የተከፈተ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ጓሮ የተጣለ ጎማ ይበቃታል። በቅርብ ዓመታት ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም በከተማ የውሃ ዕቃ ውስጥ መራባት ጀምራለች። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ውሃው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ እርጥብ ግድግዳው ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆይና ዕቃው እንደገና ሲሞላ ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን ደፍቶ መሙላት ብቻ ዋጋ የለውም። በሙቀት ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሳምንት ያህል ብቻ ስለሚወስድ፣ የዕለት መገልገያው ሁሉ በየሳምንቱ ይደፋ፣ የውስጥ ግድግዳውም ይፈተግ። በርሜሉን በብሩሽ፣ ጀሪካኑን በሩዝና በሳሙና። ባዶው ጀሪካን ደግሞ ተከድኖ ወይም ተደፍቶ ይቀመጥ፤ ዝናብ የገባበት ባዶ ጀሪካን ከሙሉው የባሰ ነው።

ውሃው አጠራጣሪ ከሆነ ጥርት ላለ 20 ሊትር አኳታብስ የተባለው የውሃ ማከሚያ ክኒን፣ ባለ 67 ሚሊግራሙ፣ አንድ ይበቃል። በረኪና ከሆነ፣ ላዩ ላይ 5 ወይም 6 በመቶ ተብሎ የተጻፈና ሽታ ያልተጨመረበት፣ ለ20 ሊትር 40 ጠብታ ወይም 2 ሚሊ ሊትር። ከዚያ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርገው ጀሪካኑን ዘንበል በማድረግ የክዳኑን ጥርስና አፉን በዚያው ውሃ ያርጥቡ፤ ይህ የሚረሳ ቦታ ነው። ከዚያ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ደፍራሽ ውሃ መጀመሪያ ይጥለል፣ በንጹህ ነጠላም ይጣራ፣ ምክንያቱም በክኒኑና በበረኪናው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ጭቃው ይበላዋል። ታክሞ የተዘጋ ውሃ ቀዝቃዛ ቦታ እስከ ስድስት ወር ይቆያል ይባላል። ያ ልክ ግን የድሬን ሙቀት ታሳቢ አላደረገም። እዚህ በየወሩ መቀየር፣ የተሞላበትንም ቀን ገላው ላይ መጻፍ ይሻላል። ፀሐይ ላይ አይሁን፦ ክሎሪኑ ይጠፋል፣ አልጌ ያበቅላል፣ ፕላስቲኩም ይደርቃል። ናፍጣና ላምባ ካለበት ክፍልም አይቀመጥ፣ ትነቱ ፕላስቲኩን አልፎ ይገባል።

በመንገድ ላይ ጀሪካኑን ሙሉ አድርገው፣ ቀጥ አቁመው፣ ገመዱን በእጀታው ውስጥ አሳልፈው ይሰሩት። በግማሽ የተሞላው ውስጡ እየተናወጠ ገመዱን ያላላል። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው የሚደረሰው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ባዶና ጥብቅ የተዘጋ ጀሪካን ሆዱ ይነፋል። ሐረር ተዘግቶ ሲወርድ ደግሞ ይጨማደዳል። ተበላሸ ብለው አይጣሉት፣ ክዳኑን ለአፍታ መክፈት ይበቃዋል። ባለ ቧንቧ ጀሪካን ለሰፈር ምቹ ነው፣ ለጉዞ ግን ቧንቧው መጀመሪያ የሚሰበረው ነገር ነው። በክዳን ይጓዝ፣ ሲደረስ ቧንቧው ይገጠም። ውሃው ከቧንቧው የማይወርድ ከሆነ ክዳኑን በትንሹ ያላሉ፣ አየር ስላልገባ ነው። ቧንቧ ከሌለው ደግሞ ሲቀዱ አፉ ወደ ላይኛው ጎን እንዲሆን አድርገው ያዘንብሉት፤ አየሩ በላይ ይገባል፣ ውሃው ሳይንቦጫረቅ ይወርዳል። እርጥብ ጆንያ ቢያለብሱት በደረቁ የድሬ አየር ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲኩም ከፀሐይ ይጠለላል።

የተሰነጠቀ ጀሪካን በማጣበቂያ አይድንም፤ ፖሊኤቲሊን ማጣበቂያ አይይዝም። በጋለ ቢላ አቅልጦ መድፈን ለጊዜው ይይዛል፣ ግን ያንን ለአትክልት ማጠጫ ያድርጉት።

የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። በዚያ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ክረምት ሲገባ የመጠጥ ጀሪካኖቹን ከወለል ያንሣ፤ ከፍ ያለና ሸክሙን የሚችል ጠንካራ መደርደሪያ ላይ፣ ክዳናቸው ጠብቆ ይቀመጡ። ጎርፍ የነካው ጀሪካን ውሃው ንጹህ ሆኖ ሊተርፍ ይችላል፣ ገላው ግን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸክሟል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት አንገቱና እጀታው በሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና በተነከረ ጨርቅ ይጠረጉ፤ የሚከፍተውም እጅ እንደዚሁ።