ቭልኮሊኔትስ፦ የሊፕቶቭ የግንድ ቤቶች መንደር

ቭልኮሊኔትስ በመካከለኛው ስሎቫኪያ፣ በሊፕቶቭ ምድር፣ ከሩዦምበሮክ ከተማ በስተደቡብ ተራራ ጥግ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 718 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ 1,099 ሜትር የሚረዝመው የሲዶሮቮ ተራራ ከአናቷ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ዙሪያውን የቬልካ ፋትራ ተራሮች ይከቧታል። በአስተዳደር ራሷን የቻለች ቀበሌ ሳትሆን የሩዦምበሮክ ከተማ አካል ናት። ከ1993 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

የአውሮፓን የገጠር ቤተ መዘክሮች የሚያውቅ ሰው መንደሯን ከነሱ አንዷ አድርጎ ሊያስባት ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በብዙዎቹ ቤተ መዘክሮች ያሉት ቤቶች ከየቦታው ተነቅለው መጥተው የተተከሉ ናቸው። የቭልኮሊኔትስ ቤቶች ግን መጀመሪያ በተሠሩበት መሠረት ላይ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር፣ ከጓሮአቸውና ከእርሻቸው ሳይለዩ ቆመዋል። ሰውም እስከ ዛሬ ይኖርባቸዋል።

የስሟ ምንጭ «ቭልክ» የሚለው የስሎቫክኛ ቃል፣ ማለትም ተኩላ ነው ይባላል። ደኑን ላየ ሰው አባባሉ እውነት ይመስላል። በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰችው በ1376 ሲሆን አገሩ ያኔ በሃንጋሪ መንግሥት ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዘመናት ነዋሪዎቿ በእንጨት ቆረጣ፣ በበግ እርባታ፣ በንብ ማነብና በእርሻ ኖረዋል።

በመዝገቡ የተጠቀሱት የግንድ ሕንፃዎች 45 ናቸው። አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። መጀመሪያ ተዳፋቱን የሚያስተካክል የድንጋይ መሠረት ይጣላል። በዚያ ላይ ግንዶች እየተጋደሙ ይነባበራሉ፤ ማዕዘን ላይ ጫፋቸው ተቦርቡሮ አንዱ ሌላውን ነክሶ ይይዛል። ከዚያ ግድግዳው በጭቃ ይመረግና ኖራ ይቀባል፤ አንዳንዱ ቤት ነጭ፣ አንዳንዱ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ቤቱ የጭቃ ቤት ሊመስለው ይችላል፤ ምርጊቱ በተላጠበት ቦታ ግን ግንዱ ብቅ ይላል። ክዳኑ «ሺንዴል» የሚባል ተፈልጦ የተዘጋጀ ሳንቃ ነው። የእያንዳንዱ ሳንቃ አንድ ጎን እንደ ቢላ ይሳሳል፣ በሌላው ጎን ላይ ደግሞ ቦይ ይወጣለታል። የሳሳው ጎን በጎረቤቱ ሳንቃ ቦይ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ አያሳልፍም። እንጨቱ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳልና ክዳኑ በየጊዜው መታደስ አለበት። ለዚህ ነው በመንደሯ አንዱ ጣሪያ ከጊዜ ብዛት ግራጫ ሆኖ፣ የአጠገቡ ገና ቢጫ ሆኖ የሚታየው። ይህን ሥራ እጃቸው የሚያውቅ ባለሙያዎች ባይኖሩ መንደሯ አንድ ትውልድ እንኳ ባልዘለቀች ነበር።

የቤቱ አከፋፈል ቀላል ነው። በሩ ወደ «ፒትቮር» ያስገባል፤ ይህ እንደ መተላለፊያም እንደ ማድ ቤትም የሚያገለግል ክፍል ነው። ከዚያ በመንገድ በኩል «ኢዝባ» አለ፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር፣ የሚኖርበትና የሚተኛበት ክፍል ይህ ነው። ከኋላ «ኮሞራ» የሚባለው ጓዳ እህሉንና ልብሱን ይይዛል። ቤቶቹ ጠባብ ግንባራቸውን ወደ መንገድ አዙረው ይሰለፋሉ፣ ጓሯቸው ግን ወደ ኋላ ይረዝማል፤ በረቱና የድርቆሽ ጎተራው በዚያ በኩል ናቸው። ከነዚህ ቤቶች አንዱ ዛሬ የገበሬ ቤት ሙዚየም ሆኖ ከነዕቃው ለጎብኚ ክፍት ነው። የድሮውን ኑሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ጉብኝቱን ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ዋናውን መንገድ ተከትሎ በእንጨት ቦይ ውስጥ ጅረት ይወርዳል። ሴቶች ልብስ ያጥቡበት፣ ከብትም ይጠጣበት ነበር። በመንገዱ ዳር በ1860 የተሠራው፣ ዙሪያው በግንድ የታጠረው የውሃ ጉድጓድ አለ። ፎቶ ሳያነሳው የሚያልፍ ሰው ብዙም የለም። ከሁሉ በላይ የመንደሯ ምልክት ሆኖ የሚታወቀው ግን በ1770 የተሠራው የደወል ማማ ነው፤ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ከግንድ የተሠራ፣ ክዳኑም የሳንቃ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1875 ሲሠራ ማማው የመቶ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊክ ሲሆን፣ ድንግል ማርያም ኤልሳቤጥን ልትጎበኝ የሄደችበት መታሰቢያ ነው።

በ1944 በናዚ ጀርመን ላይ የተነሣው የስሎቫክ ብሔራዊ አመፅ ማዕከሉ ባንስካ ቢስትሪትሳ ነበር፤ ተዋጊዎቹም በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር። በዚያው ዓመት የጀርመን ጦር የመንደሯን ከፊል አቃጠለ። ከተቃጠሉት ቤቶች ብዙዎቹ ዳግመኛ አልተሠሩም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወጣቶቹ በሩዦምበሮክ የጨርቃ ጨርቅና የወረቀት ፋብሪካዎች ሥራ ፍለጋ ወረዱ፤ መንደሯም ቀስ በቀስ ሰው አጣች። መኪና አቋርጦ የሚያልፍበት መንገድ ላይ አለመሆኗና የነዋሪዎቿ አቅም ውስንነት ግን በሌላ በኩል ጠቅሟታል። በሌሎች መንደሮች አሮጌው ቤት ፈርሶ የጡብ ቤት ሲተካ፣ እዚህ ግንዱ ባለበት ቀረ።

በ1977 የቼኮስሎቫኪያ መንግሥት መንደሯን የሕዝብ ሥነ ሕንፃ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ አወጀ። ስሎቫኪያ በጥር 1993 ነፃ አገር ስትሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቭልኮሊኔትስ፣ የማዕድን ከተማዋ ባንስካ ሽትያቭኒትሳ እና የስፒሽ ግንብ በአንድ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። አዲሱ አገር በዓለም ፊት ከግንቡና ከማዕድን ከተማዋ ጋር የገበሬ መንደርም ይዞ መቅረቡ ሊታወስ ይገባዋል።

ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሃያ እንኳ አይሞሉም ይባላል። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው በሳምንቱ መጨረሻና በበጋ ብቻ የሚመጡባቸው ናቸው። ጎብኚው ግን በሺዎች ይቆጠራል። ሰው በሚኖርበት ቤት መስኮት ወደ ውስጥ የሚያጮልቅ፣ ሳይጠይቅ ጓሮ የሚገባ አለ፤ አንዳንድ ነዋሪዎችም ከመዝገቡ ብንወጣ ይሻለናል ብለው በይፋ ተናግረዋል። ሌሎች ደግሞ ዕውቅናው ባይኖር የክዳኑ እድሳት ወጪ ከየት ይመጣ ነበር ይላሉ። በአንድ ነገር ግን የነዋሪዎቹ ቅሬታ ትክክል ነው፤ ቤታቸው ቤት ነው፣ ኤግዚቢሽን አይደለም።

ከቤቶቹ ጀርባ፣ በተራራው ጎን ላይ እንደ ጥብጣብ ረጅምና ጠባብ ሆነው የተዘረጉት ማሳዎችም የቅርሱ አካል ናቸው። በጉና ላሙ በነበሩበት ጊዜ ሣሩ በየበጋው ለድርቆሽ ይታጨድ ነበር፤ ከበጉ ወተት የሊፕቶቭ ስም የሚነሳበት «ብሪንዛ» የተባለው አይብ ይወጣል። አሁን የሚያጭድ ሰው እጥረት ስላለ፣ ካልታጨደው መሬት ላይ መጀመሪያ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ የጥድ ችግኝ ይበቅላል። ስለዚህ በመንደሯ ያሉ ሰዎች የጣሪያውን ያህል የሚያስጨንቃቸው ሜዳው ነው፤ ማጭድም የሳንቃ መፍለጫውን ያህል አስፈላጊ ሆኖ ቀጥሏል።