የደቡብ ዌልስ ሸለቆዎችና የእንፋሎት ባቡራቸው

የብሪታንያ ክፍል የሆነው ደቡብ ዌልስ ተራራማ አገር ነው። ጠባብ ሸለቆዎቹ ከሰሜን ተነስተው ቁልቁል ወደ ካርዲፍ፣ ባሪና ኒውፖርት ወደቦች ይወርዳሉ። ድሮ ከላይ ብረት ማቅለጫና የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ከታች መርከብ ይጠብቅ ነበር። በ1794 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብረት ማቅለጫ ከተማ ከሆነችው ከመርተር ቲድፊል እስከ ካርዲፍ የጀልባ ቦይ ተቆፈረ። ግን ጀልባው ደረጃ በደረጃ ዝቅ የሚያደርጉትን 50 ያህል የውሃ በሮች አንድ በአንድ እያለፈ ስለሚወርድ ጉዞው አዝጋሚ ነበር።

በሐዲድ ላይ ጭነት የጎተተ የመጀመሪያው የእንፋሎት ሞተርም የተነሳው ከዚያው ከመርተር ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1804 የመሐንዲሱ የሪቻርድ ትሬቪቲክ ሞተር 10 ቶን ብረትና 70 ያህል ሰው ይዞ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። የፈጀበት ከ4 ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው። ሐዲዱ ግን ክብደቱን አልቻለም፤ ከሥሩ እየተሰባበረ አስቸገረ። የባቡር አባት የሚባለው ጆርጅ ስቲቨንሰን ከመታወቁ ከዓመታት በፊት የሆነ ነገር ነውና የትሬቪቲክ ስም ከዚህ በላይ ሊነሳ ይገባዋል።

እውነተኛው መስመር የመጣው በ1841 ነው። በብሩኔል መሐንዲስነት የተሠራው የታፍ ቬል ባቡር ያኔ ካርዲፍንና መርተርን አገናኘ። በኋላ ሮንዳን የመሳሰሉት ሸለቆዎች ሁሉ ሐዲድ ገባላቸው።

የአገሩ አቀማመጥ ለባቡር የተመቸ ነበር። ከሰል የሞላው ፉርጎ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ዳገቱን የሚወጣው ባዶው ነበር። ስለዚህ ከመጎተቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ማቆሙ ነበር። ቁልቁለቱ አናት ላይ ባቡሩ ይቆምና ሠራተኞቹ የፉርጎዎቹን ፍሬን በእጃቸው ይይዙ ነበር። ሞተሩም ብዙውን ጊዜ ጭስ ማውጫውን ወደ ዳገቱ አዙሮ ነበር የሚሠራው። ዳገት ሲወጣ በቦይለሩ (እንፋሎቱ በሚፈላበት ጋን) ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እሳቱ ያለው ደግሞ ከኋላ ነው። ስለዚህ የምድጃው ጣሪያ በውሃ እንደተሸፈነ ይቆያል፤ ውሃ ካጣ ግን ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል።

በ1913 ከባሪ ወደብ ብቻ 11 ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰል ወደ ውጭ ተላከ። የሠራተኛው ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። በ1900 የታፍ ቬል ሠራተኞች አድማ መቱ። ኩባንያው አድማው ላደረሰበት ኪሳራ የሠራተኛ ማኅበራቸውን ከሶ በ1901 ረታ፤ ማኅበሩም 23,000 ፓውንድ ያህል ከፈለ። ፍርዱ አገሩን ስላስቆጣ በ1906 በወጣ ሕግ ተሻረ።

የብሪታንያ ዋና መስመሮች በ1968 እንፋሎትን ተሰናበቱ። የተጣሉ ሞተሮች ባሪ ወደብ ወዳለው የዉድሃም ወንድማማቾች የቁራጭ ብረት ግቢ ተወሰዱ፤ 297 ገቡ። ባለቤቶቹ ለመቁረጥ የሚቀሉትን ፉርጎዎች አስቀደሙ። ሞተሮቹ በባሕሩ ነፋስ እየዛጉ ለዓመታት ቆሙ። በዚያ መሃል ባቡር ወዳዶች ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ ይገዟቸው ጀመር። 213ቱ ተረፉ፤ ብዙዎቹም ተጠግነው ዛሬ በብሪታንያ ልዩ ልዩ የቅርስ መስመሮች ላይ መንገደኛ ይጎትታሉ።