ውፍረትና አንጎል፦ ስለ ረሃብ፣ ስለ ማሰብ፣ ስለ ምላስና ስለ ዓይን የሚነገሩ ስህተቶች

«የሚወፍር ሰው ሆዳም ነው፤ ራሱን መግዛት ያቃተው»

ረሃብና ጥጋብን በዋናነት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። የሰውነት ስብ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን እያመነጨ «ስንቅ አለ» የሚል መልእክት ይልክለታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ይህን ሆርሞን ሲያገኝ የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። ከልክ በላይ በወፈሩ አብዛኞቹ ሰዎች ደም ውስጥ ሌፕቲን ሞልቷል፤ አንጎላቸው ነው መልእክቱን በሚገባ የማይቀበለው። ሰውየው ሲከሳ ደግሞ ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ ረሃብ ቀስቃሹ ግረሊን ይጨምራል፣ ይህም ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ላይስተካከል ይችላል። ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው ሰነፍ ማለት ስለዚህ ግፍ ነው፤ ከራሱ አንጎል ጋር ሲታገል ነው የከረመው።

«ውፍረት ያደነዝዛል»

የማሰብ ችሎታ በኪሎ አይለካም። በጥናቶች የታየው ልዩነት (በተለይ ዕቅድ በማውጣትና ስሜትን በመግታት ላይ) አነስተኛ ነው፤ የብዙ ሰው አማካይ ስለሆነም ስለ አንድ ሰው ምንም አይነግርም።

«ጭንቅላቴ ፈዘዘ፣ እረሳለሁ» የሚል ወፍራም ሰው በመጀመሪያ እንቅልፉን ይመርመር። በአንገት ዙሪያና በጉሮሮ ውስጥ የተከማቸ ስብ ሌሊት የአየር መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ትንፋሽ ይቋረጣል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ይነቃል። በሰዓት ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ ተኚው ግን ጠዋት አንዱንም አያስታውሰውም። ምልክቱን የሚያውቀው አብሮት የሚተኛው ነው፦ ከባድ ማንኮራፋት፣ ድንገት ዝም ማለት፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው መተንፈስ። ቀን ላይ ቁጭ ባሉበት፣ ይባስ ብሎም መሪ እንደያዙ ማንቀላፋት ይከተላል። የአንገት ዙሪያ ለወንድ ከ43፣ ለሴት ከ41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካለፈ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ቀጭን አንገት ግን ነፃ አያወጣም። ዋናው ሕክምና በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ነው። ብዙ ጊዜ የማይሠራላቸው ጭምብሉ አየር ስለሚያስወጣ ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚያወልቁት ነው፤ በልካቸው ሌላ ጭምብል ማስመረጥ ይገባቸዋል። ማታ አልኮል መጠጣትና በጀርባ መተኛት የትንፋሹን መቋረጥ ያባብሰዋል።

ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ቱን ያስለካ፤ መድኃኒቱ ሊቀንሰው ይችላል፣ እጥረቱም መርሳትና የእግር መደንዘዝ ያመጣል።

«ምግብ ከሌላው ሰው አብልጦ ስለሚጣፍጣቸው ነው»

በአይጦች ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ለ8 ሳምንት ስብ የበዛበት ምግብ በልተው የወፈሩ አይጦች ከምላሳቸው የጣዕም እንቡጦች 25 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። ያንኑ ምግብ በልተው በዘራቸው ምክንያት ያልወፈሩት ግን አላጡም። ጣዕሙን የጎዳው ምግቡ ሳይሆን ከውፍረት ጋር የሚመጣው የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ነው ማለት ነው። በሰው ላይ የተገኘው ውጤት የተደበላለቀ ነው።

«ራስ ምታቱ የድካም ነው፤ መነጽር ብትቀይር ይሻላታል»

ይህኛው ስህተት ዓይን ያጠፋል። በተለይ በወሊድ ዕድሜ ያሉ፣ በቅርቡ ክብደት የጨመሩ ሴቶች ላይ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ግፊት ከፍ ይልና የዓይን ነርቭን ያሳብጠዋል። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ሲባል ምስጋና ነውና የክብደቱን መጨመር ከራስ ምታቱ ጋር የሚያገናኝ ሰው ጥቂት ነው። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ሲያጎነብሱ ወይም ሲነሱ ለሰከንዶች እይታ መጨለም፣ ከልብ ምት ጋር እኩል በጆሮ ውስጥ የሚሰማ ሹሹታ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ናቸው። መነጽር ምንም አይፈይድም። ሐኪሙ የዓይንን ጀርባ በመሣሪያ ይመልከት፤ እብጠት ካለ የጭንቅላትና የደም መላሽ ሥሮች ምስል፣ ከዚያም ከወገብ ፈሳሽ ተወስዶ ግፊት መለካት ይከተላል። አሴታዞላሚድ የተባለው መድኃኒትና ክብደት መቀነስ ግፊቱን ያወርዱታል። አንዴ የጠፋ እይታ ግን ላይመለስ ስለሚችል፣ የእይታው መጨለም ከተደጋገመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

«ካረጁ በኋላ መክሳት ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል»

አደጋውን የሚጨምረው በጎልማሳነት ዕድሜ ያለ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። በእርጅና ጊዜ ሳያስቡት መክሳት በተቃራኒው የመርሳት በሽታው ከመታወቁ ከዓመታት በፊት የሚጀምር ምልክት ሊሆን ይችላል። የ75 ዓመት እናት አመጋገባቸውን ሳይቀይሩ ልብሳቸው ከሰፋቸው «ጥሩ ከሱ» ሳይባል ሐኪም ይያቸው።