ሬድላይኒንግ ምንድን ነው?

ቃሉ በጥሬው «በቀይ መስመር መከለል» ማለት ነው። በአሜሪካ አንድ ሰፈር በተለይ ጥቁሮች ስለሚኖሩበት የቤት ብድር የሚነፈግበት አሠራር ነው።

በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ቤታቸው ሊሸጥባቸው የነበሩ ሰዎችን ለመታደግ መንግሥት በ1933 (እ.ኤ.አ.) የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽንን አቋቋመ። ኮርፖሬሽኑ ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር፣ ማበደሩ ምን ያህል እንደሚያሰጋ እየመዘነ፣ በካርታ ላይ በአራት ቀለም ከፋፈለ። አረንጓዴ «ምርጥ»፣ ሰማያዊ «አሁንም ተፈላጊ»፣ ቢጫ «እያሽቆለቆለ ያለ»፣ ቀይ ደግሞ «አደገኛ» ነው። ለየሰፈሩ በሚሞላው ቅጽ ላይ ከቤቶቹ ዕድሜና ከነዋሪው ገቢ ጎን «ጥቁሮች አሉ? ስንት በመቶ?» የሚል መስመር ነበር። ኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት የከፈቱበት የሲያትሉ ሴንትራል ዲስትሪክትም ቀይ ተቀብቶ ነበር።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በካርታው ላይ ይላከካል። በሩን ጠርቅሞ የዘጋው ግን በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አያበድርም፤ ገዢው መክፈል ቢያቅተው ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ከዚያ በፊት ባንኮች የቤቱን ግማሽ ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁና ቀሪውን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሰበስቡ ነበር። በዋስትናው 20 በመቶ ከፍሎ ሌላውን በ20 ዓመት ቀስ እያሉ መጨረስ ተቻለ። ወዛደሩን ባለቤት ያደረገው ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የግምት መመሪያ ግን ዘር ሲቀላቀል የቤት ዋጋ ይወድቃል ስለሚል፣ የጥቁሮች ሰፈር ዋስትና አያገኝም፤ አጠገቡ ያለውም ይጠረጠራል። በ1941 ዲትሮይት ውስጥ ለነጮች ቤት ሊሠራ የተነሳ አልሚ ቦታው ከጥቁሮች ሰፈር ጋር ስለሚዋሰን ዋስትና ተከለከለ። ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ የሆነ የኮንክሪት ግንብ በመካከል ሲያቆም ተፈቀደለት። ግንቡ ዛሬም ቆሟል።

ባንክ ፊቱን ያዞረበት ጥቁር ቤተሰብ ቤት የሚገዛው ከደላላ ጋር በሚገባው የክፍያ ውል ነበር፤ ቺካጎ የዚህ ዋና ምሳሌ ናት። ደላላው ቤቱን በርካሽ ገዝቶ ዋጋውን ቆልሎ ይሸጣል። እስከ መጨረሻው ክፍያ ስመ ሀብቱ አይዛወርም፤ አንድ ወር ከተዘለለ ገዢው ይባረራል፣ የከፈለውም ውሃ በላው። በዋስትና የገዛው ነጭ ጎረቤት ደግሞ ዕዳውን ጨርሶ ቤቱን ለልጆቹ ያወርሳል። ዛሬ በጥቁሮችና በነጮች መካከል ያለው የሀብት ልዩነት አንዱ ሥር እዚህ ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 1968፣ የፍትሐዊ ቤት ሕግ ወጣና ሬድላይኒንግ ወንጀል ባይባልም በፍርድ ቤት የሚያስከስስ ሆነ። ችግሩ ማስረጃ ነበር፤ ባንኩ «ገቢህ አልበቃም» ካለ ማን ይፈትሸዋል? የ1975ቱ ሕግ ባንኮች በየሰፈሩ ምን ያህል እንዳበደሩ ይፋ እንዲያደርጉ፣ የ1977ቱ ደግሞ ገንዘብ ለሚሰበስቡበት አካባቢ እንዲያበድሩ አዘዘ። ተከልክሎ የተመለሰው አመልካች ዘሩ መመዝገብ ያለበት ግን ከ1989ኙ ማሻሻያ በኋላ ነው።