«አቧራው ነው» እየተባለ የሚታለፈው ሳል

ድሬዳዋ ውስጥ ወራት የቆየ ሳል ያለበት ሰው ምክር አያጣም። መካሪዎቹ ቅን ናቸው። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ያጓትተዋል።

«አቧራው ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ይተውሃል» ይባላል። አቧራ ሳል ይቀሰቅሳል፣ እውነት ነው። ሆኖም ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ መመርመር ያስፈልጋል። ቲቢ ከአገራችን ገና አልጠፋም።

«ቲቢ ከሌለብህ ምንም የለብህም» የሚለውም ልክ አይደለም። አንዳንዱ አስም የሚታወቀው በሳል ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚመለስ የጨጓራ አሲድም ያስላል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ብራዲኪኒን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ስለሚያደርጉ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፣ ሐኪም ይቀይርላችኋል።

ሁሉም ተመርምሮ ምክንያቱ ሲጠፋ «ጭንቀት ነው» ይባላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰውየው እያመመው እንዳላመመው ይቆጠራል። ችግሩ ግን ነርቩ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቀፊራ ገበያ በርበሬ ሻጮች አጠገብ ስታልፉ ጉሮሯችሁን የሚከረክራችሁ ካፕሳይሲን የሚባለው የበርበሬ አቃጣይ ንጥረ ነገር ነው። በአየር ቧንቧ ያሉ የነርቭ ጫፎችን ይነካል፣ መልእክቱ ቫገስ በሚባል ነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ከዚያ ያስላል። ካፕሳይሲን የሚያርፍበትን ተቀባይ (ነርቩ ላይ ያለ ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን) የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ለየው፤ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ካፕሳይሲን በጥቂቱ እያስተነፈሱ ሳልን ይለካሉ። ሳላቸው የማይለቃቸው ሰዎች ከሌላው ባነሰ መጠን ማሳል ይጀምራሉ። ነርቫቸው ከልክ በላይ ነቅቷል። ሽቶ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ሳቅ ሳይቀር የሚያስላቸው ለዚህ ነው። ከጂን ጋር የተያያዘም አለ። በአርኤፍሲ1 ጂን ለውጥ ምክንያት ሚዛን የሚያዛባ የነርቭ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች፣ መንገዳገድ ሳይጀምራቸው ከዓመታት በፊት ደረቅ ሳል ነበረባቸው።

«ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይቆርጠዋል»? የነቃ ነርቭን አንቲባዮቲክ አያበርደውም።

«እንግዲህ መድኃኒት የለውም» ማለትም ስህተት ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሚያሰለጥነው ሳልን የመግታት ልምምድ ብዙዎችን ይረዳል። ጌፋፒክሳንት የተባለው መድኃኒት የነርቩን አንድ ተቀባይ ይዘጋል፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2022፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ፈቅደውታል። ጣዕም ያዛባል፣ አሜሪካም አላጸደቀችውም።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሳሉ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚቀሰቅሰውና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ። ደም ካለው፣ ክብደት ከቀነሳችሁ ወይም ሌሊት ላብ ካጠመቃችሁ ግን ዛሬውኑ ሂዱ።