«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ለቦስ ትዊድ አይሆንም

ሰሞኑን ስለ ኒውዮርኩ ቦስ ትዊድ ጨዋታ ተነሳና አንዱ ወዳጃችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ነዋ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ተረቱ ግን ያለቦታው ነው የገባው።

ዊልያም ትዊድ ታማኒ ሆል የተባለውን የዴሞክራቶች የፓርቲ ማሽን (ሥራና ጥቅም እያደለ ድምፅ የሚሰበስብ ድርጅት) ይዘውር የነበረ ሰው ነው። ከተማዋ ፍርድ ቤት ስታሠራ አንድ ለሳኝ ለሁለት ቀን ሥራ ከ133 ሺህ ዶላር በላይ ተከፈለው። ከእንዲህ ያለው ክፍያ ለትዊድና ለጓደኞቹ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 እስር ቤት ሞተ። ይሄ እንግዲህ የበላው ያነቀው ነው።

ተረቱ የመጣው ሹም ደመወዝ ከማያውቅበት ዘመን ነው። ጉልት ይሰጠዋል፣ ከገበሬው ግብር ይኖራል። የተሻረ ዕለት ጉልቱም አብሮ ይሄዳል። አያቴ ስታወራልን፣ እህሉ ተወቅቶ፣ ገለባው በነፋስ ተለይቶ፣ ምርቱ አውድማው ላይ ተቆልሎ እያለ ጉልቱን የያዘው ሹም፣ መልከኛው፣ ካልመጣ ቁና የሚያነሳ የለም። በግ ይታረዳል፣ ጠላ ይቀዳል። ድርሻው ከተሰፈረ በኋላ ገበሬው በገዛ አህያው ጭኖ እደጁ ድረስ ያደርስለታል። ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሹም ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ርቦት ነው የሚመጣው።

የኔ ግምት፣ ተረቱን ያወጣችው የሹም ሚስት ናት። ባሏ «ደግ ሹም» ለመባል ግብሩን ሲምር ከርሞ ተሻረ። ማስረጃ አትጠይቁኝ። የጎተራውን ልክ የምታውቀው ግን እሷ ነቻ!

አሜሪካ ውስጥ ለተረቱ የሚመጥነው ለፓርቲው የሰፈሩን ድምፅ የሚሰበስበው የሰፈር ካፒቴን ነው። በከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1976) የቺካጎ ካፒቴን የከተማውን ሥራ የሚያገኘው በፓርቲው በኩል ነበር። ቤት ለቤት ይዞራል፣ የጠፋ የመንገድ መብራት ያስጠግናል፣ ለጎረቤት ልጅ ሥራ ይለምናል። የሰፈሩን ድምፅ ካላመጣ እንጀራው ይቋረጣል። ደጅ ጥናቱም ያው ነው። ኋላ ዳኛ የሆነው አብነር ሚክቫ ከዴሊ ዘመን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ተማሪ ሳለ «ላግዛችሁ» ብሎ ፓርቲው ቢሮ ቢሄድ «ማን ላከህ?» አሉት። «ማንም» አለ። «ማንም ያልላከውን ሰው አንፈልግም» ብለው መለሱት።

የኛ ሰው ግን አንድ ወዳጁ በተሾመ ቁጥር «እንኳን ደስ አለህ» ይልና ይቺን ተረት ከሥር ይለጥፍለታል። ደመወዝ፣ መኪና፣ የቤት አበል እያለው! ተሿሚው ደግሞ ምርቃት መስሎት አሜን ይላል።